አሮጌ የጀልባ ሞተር በኢንተርኔት ጨረታ፦ ዋጋው ከየት ይመጣል?

ሁለት ሞተሮች ኢቤይ በሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ላይ ለጨረታ ወጡ እንበል። ሁለቱም አሮጌ ናቸው። የሁለቱም ቀለም ተላልጧል። ሁለቱም ከትንሽ ጀልባ ኋላ የሚታሰሩ ናቸው። አንዱ 60 ዶላር ላይ ቆሞ ያልቃል። ሌላው ስድስት ቀን ሙሉ 200 ዶላር ላይ ተኝቶ ይከርምና በመጨረሻዋ ደቂቃ 1,500 ይገባል። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ለቁራሌው የሚሰጡ ብረቶች ናቸው።

ገበያው ከእኛ የራቀ ይመስላል። ሚኒሶታ ወይም ሲያትል ለሚኖር ሐበሻ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አገሩ ሐይቅ በሐይቅ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤት ጋራዡን ሲያጸዳ እንዲህ ያለ ሞተር ብቅ ይላል፤ ከዚያ “ይሄ ነገር ስንት ያወጣል?” የሚል ጥያቄ ይከተላል። የጨረታው አሠራር ደግሞ ለካሜራም፣ ለሰዓትም፣ ለመኪና መለዋወጫም ያው ነው። ስለዚህ ሞተር የመግዛት ሐሳብ የሌለውም ቢያነበው አይጎዳም። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው ስለ የትኛው ሞተር ነው?

አውትቦርድ ይባላል። ከጀልባው ውጭ፣ በኋላ በኩል በመቆንጠጫ የሚታሰር ሞተር ነው። ጣና ላይ በትንሽ ጀልባ ተሳፍራችሁ ከሆነ አይታችሁታል፤ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ በአንድ እጁ ይዞ ጀልባዋን የሚመራበት ነው። ከላይ ሞተሩ አለ። ከታች፣ ውሃ ውስጥ፣ ፕሮፔለሩ ይዞራል። ሁለቱን ረጅም ዘንግ ያገናኛቸዋል። ሥራ ሲያበቃ ፈትቶ ተሸክሞ ቤት መግባት ይቻላል። ይህ ሁሉ አሮጌ ሞተር እስከ ዛሬ የተረፈውም ለዚህ ነው። ጀልባው ውጭ ቀርቶ ይበሰብሳል፣ ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል።

ንግዱን ያስፋፋው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፤ ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ያደገ መካኒክ። የመጀመሪያው ሰው ግን እሱ አይደለም። የዲትሮይቱ ካሜሮን ዋተርማን ቀድሞት ሞተር ሠርቶ ይሸጥ ነበር። ኤቪንሩድ በ1909 ሚልዋኪ ውስጥ ለገበያ ያወጣው ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክብደቱ 28 ኪሎ ግድም ነው። ሐሳቡ የመጣለት ለፍቅረኛው አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን ቀዝፎ ሲመለስ፣ አይስክሬሙ መንገድ ላይ ስለቀለጠበት ነው ይባላል። ፍቅረኛው ቤስ ኋላ ሚስቱ ሆነች። የድርጅቱን ማስታወቂያ የጻፈችውም እሷ ናት፤ “መቅዘፊያችሁን ወዲያ ጣሉ” የሚል መንፈስ ያለው።

እነዚያ የመጀመሪያ ሞተሮች የሚጎተት ገመድ እንኳ የላቸውም። አናታቸው ላይ ከባድ ክብ ብረት አለ፤ መካኒኮቻችን ቮላኖ የሚሉት። ቮላኖው ላይ ትንሽ እጀታ ተተክላለች። እጀታዋን ጨብጦ ማዞር ነው። ሞተሩ ሲነሳ እጀታዋም አብራ ትሽከረከራለች። እጁን ቶሎ ያላነሳ ሰው ጣቱን ትመታዋለች። አሁን ሰብሳቢዎች ፎቶ ላይ ያቺን እጀታ ሲያዩ ልባቸው የሚዘለው የሞተሩን ዘመን ስለምትናገር ነው።

ቀጥሎ የጆንሰን ወንድማማቾች መጡ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኢንዲያና ውስጥ 16 ኪሎ የሚሆን ቀላል ሞተር አወጡ። እንግሊዝ ውስጥ በ1931 ሲገል የተባለው ሞተር ተጀመረ፤ እስከ 1996 ተመረተ። በ1939 ካርል ኪክሄፈር በዊስኮንሲን ሜርኩሪ የተባለውን የሞተር ድርጅት መሠረተ። ኤቪንሩድና ጆንሰን በአንድ ኩባንያ ሥር ገብተው ለረጅም ዓመታት ከቆዩ በኋላ ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ከሰረ። ኤቪንሩድን የወረሰው ድርጅት ደግሞ በ2020 የአውትቦርድ ምርቱን አቆመ። ስሙን የሚወዱ ሰዎች ፊታቸውን ወደ አሮጌዎቹ ቢያዞሩ የሚገርም አይደለም።

ማን ነው የሚገዛው?

ሰብሳቢ አለ። አሜሪካ ውስጥ የጥንታዊ አውትቦርድ ክለብ ከ1965 ጀምሮ አለ፤ አባላቱ ተሰብስበው ሞተር ይለዋወጣሉ፣ ሐይቅ ላይ ያስነሳሉ። ከዚያ የድሮ የእንጨት ጀልባ አድሶ ከዘመኑ ሞተር ጋር ማየት የሚፈልግ አለ። ሦስተኛው ዓሣ ማጥመጃ ብቻ የሚፈልግ ቆጣቢ ነው። አራተኛው መለዋወጫ ፈላጊ ነው። ቤቱ አንድ የተሰበረ ሞተር አለ፤ ሌላ የተሰበረ ገዝቶ ከሁለቱ አንድ ያወጣል። ይህ አራተኛው ሰው በጨረታ ላይ ከሚታሰበው በላይ ጉልበት አለው። “አይሠራም” የተባለ ሞተር ዋጋ ሲወጣ ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ታዲያ አንዱን ውድ፣ ሌላውን ርካሽ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያመጣም። በ1950ዎቹ የተሠሩ 5.5 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ጥሩ ሞተሮች ናቸው፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ። ችግራቸው ብዛታቸው ነው። ገበያው ሞልቷል። በጥቂቱ የተመረተ የእሽቅድምድም ሞተር፣ ወይም ያ ባለ እጀታው ቀደምት ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሙሉነት ነው። የጎደለች አንዲት ክዳን ግማሹን ዋጋ ልትወስድ ትችላለች፤ ምክንያቱም ክዳኗን ለማግኘት ሌላ ሞተር መግዛት ሊያስፈልግ ነው። ሦስተኛው ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነው፦ አዲስ ቀለም ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ሻጩ ደክሞ፣ አሽቶ፣ ቀብቶ ያመጣዋል። ሰብሳቢው ግን የተላላጠውን የፋብሪካ ቀለም ይመርጣል። ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል፣ ቀለም ብየዳ ይሸፍናል። ኦርጅናሉ ምንም አይደብቅም።

ጨረታው ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው?

እኛ አገር የለመድነው የታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። ሲፒኦ ታስይዛላችሁ፣ ዋጋችሁን ጽፋችሁ ታሽጋላችሁ፣ ካሸነፋችሁ የጻፋችሁትን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ሰው ሲጽፍ ያሰላል፤ “ሌላው ስንት ይጽፍ ይሆን?” እያለ።

ኢቤይ ከዚህ ይለያል። እዚያ የምትጽፉት ቁጥር ጣሪያችሁ ነው። ታናሽ ወንድማችሁን ገበያ ላካችሁት እንበል። “እስከ 420 ድረስ መጨመር ትችላለህ፣ ግን ሳትገደድ አትጨምር” አላችሁት። የድረ ገጹ ኮምፒውተር ያ ወንድም ነው። ሌላ ሰው 300 ብሎ ጣሪያውን ካስገባ፣ ኮምፒውተሩ የእናንተን 420 ለማንም አያሳይም። ዋጋው 305 ላይ ይቆማል፣ መሪው እናንተ ናችሁ። ያቺ 5 ዶላር በአሜሪካው ኢቤይ ዋጋው ከ250 እስከ 500 ባለበት ጊዜ ያለችው ጭማሪ ናት። ሦስተኛ ሰው መጥቶ 480 ቢያስገባ እናንተ ትወድቃላችሁ፤ እሱ ግን የሚከፍለው 425 ነው። አሸናፊው የሚከፍለው ሁለተኛው ሰው የቆመበትን ከትንሽ ጭማሪ ጋር ነው ማለት ነው።

ይህ አሠራር ንድፈ ሐሳብ አለው። ዊሊያም ቪክሪ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1961 ተንትኖታል፤ በ1996 ኖቤል ከተሸለመባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። የምትከፍሉት ሁለተኛው ሰው ባቆመበት ስለሆነ፣ እውነተኛውን ጣሪያችሁን ደብቆ ትንሽ መጻፍ አይጠቅማችሁም። ከጣሪያችሁ በላይ መጻፍ ደግሞ ሊጎዳችሁ ይችላል። አንዴ አስባችሁ፣ አንዴ መጻፍ ነው።

ሁለት ቃላት እዚህ ላይ ይምጡ። መነሻ ዋጋ ሁሉም የሚያየው ነው። የተደበቀ ዝቅተኛ ዋጋ ደግሞ ሻጩ ብቻ የሚያውቀው ነው፤ ጨረታው እዚያ ካልደረሰ ሞተሩ አይሸጥም። ገጹ ላይ “ዝቅተኛው ዋጋ አልተሟላም” የሚል ካያችሁ፣ መሪ መሆናችሁ ገና ምንም ማለት አይደለም።

ሰው ለምን መጨረሻ ሰከንድ ላይ ይሯሯጣል?

ከላይ ያልኩት እውነት ከሆነ፣ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ጣሪያውን ጽፎ መተኛት ነበረበት። አይተኛም። አድፍጦ ይጠብቃል። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አጥንተው በ2002 አሳትመዋል። በዚያን ጊዜ አማዞንም ጨረታ ነበረው። ልዩነቱ የኢቤይ ሰዓት ሲያልቅ ያልቃል፤ የአማዞኑ ግን መጨረሻ ላይ ሰው ከጨመረ ሰዓቱ ይራዘም ነበር። በመጨረሻ ደቂቃ መጫረት ኢቤይ ላይ በብዙ በዝቶ ተገኘ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው። ዕቃው ጥንታዊ ሲሆን ማድፈጡ ከኮምፒውተር ጨረታ ይልቅ ይበረታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኮምፒውተር ዋጋ ሁሉም ያውቃል። የጥንታዊ ዕቃ ዋጋ የሚያውቀው ባለሙያው ነው። ባለሙያው ሰኞ ቀን 900 ቢያስገባ፣ ሌላው “እሱ ካለ አንድ ነገር አይቷል” ብሎ ይከተለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ሞተሩ ስድስት ቀን 200 ላይ የተኛው ሰው ስላልፈለገው ላይሆን ይችላል፤ የሚፈልጉት ሰዎች እየተያዩ ዝም ብለው ሊሆን ይችላል።

ለጀማሪ የሚሻለው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ጣሪያውን በወረቀት ጽፎ፣ በመጨረሻው ሰዓት አንዴ አስገብቶ፣ ስልኩን ማስቀመጥ። ልብ ሲሞቅ 20 ዶላር ብቻ፣ ደግሞ 20 ብቻ እየተባለ የሚሄድበት መንገድ መጨረሻ የለውም። የጨረታ ቤቶች በኢንተርኔት የሚያካሂዱት ላይ ደግሞ ሰዓቱ የሚራዘምበት አለ፤ ደንቡን ቀድሞ ማንበብ ነው። እነዚያ ቤቶች ባሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽንም ይጨምራሉ። ኮሚሽኑ 15 በመቶ ከሆነ 400 ያላችሁት 460 ነው፤ ማጓጓዣ ሳይቆጠር።

ማስታወቂያው የሚለውን እንዴት ላንብበው?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሞተሩን አትነኩትም፣ አታሸቱትም፣ ገመዱን አትጎትቱም። ያላችሁ ፎቶና አንድ አንቀጽ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ከቃላቱ እንጀምር። “አልሞከርነውም” ሲል ብዙ ጊዜ ሞክሮ እንቢ ብሎታል ብላችሁ ዋጋ ስጡ። እውነት ያልሞከረም አለ፤ ከአያቱ የወረሰ፣ ስለ ሞተር ምንም የማያውቅ። ግን ያንን ለመለየት መንገድ የላችሁም። “ይዞራል” ማለት ፒስቶኑ አልተጣበቀም ማለት ብቻ ነው። መልካም ዜና ነው፤ ይነሳል ማለት ግን አይደለም። “ባለፈው ጊዜ ይሠራ ነበር” ሲል “ባለፈው መቼ?” ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ፎቶውን። ሻጩ ስምንት ፎቶ ለጥፎ ሁሉም ከወገብ በላይ ከሆኑ፣ ታችኛው ክፍል ይታይ በሉ። ከፕሮፔለሩ በታች ያለችው ክንፍ መሰል ብረት ድንጋይ ስትመታ ትሰበራለች፤ ተበይዳም ትቀባለች። አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሞተሩ ጨው ውሃ ቀምሷል። ጨው ብሎኖቹን ውስጥ ለውስጥ ይይዛቸዋል፤ ልፈታ ስትሉ ይቆረጣሉ። የብሎን ራስ የተላላጠ ወይም የተጠረበ ከሆነ፣ ከእናንተ በፊት አንድ ትዕግሥት የጎደለው ሰው ታግሎበታል። ከታችኛው ካምቢዮ የሚወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በክረምት ያ ውሃ በረዶ ሆኖ የካምቢዮውን ሽፋን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ሚኒሶታ ያለ ሰው ይህ አይነገረውም።

በ1950ዎቹ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ ሁለት የታወቁ ጣጣዎች አሉ። አንደኛው ከቮላኖው ሥር ያሉት የማቀጣጠያ ኮይሎች ናቸው። የተሸፈኑበት ነገር በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ካንዴላው እሳት አያገኝም። አዳዲስ ኮይሎች ስለሚሸጡ ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ሁለተኛው የቤንዚን ጋኑ ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ራሱን የቻለ ጋን አላቸው፤ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው ባለ ሁለት መስመር ቱቦ ነው። በአንዱ ሞተሩ ወደ ጋኑ አየር ይነፋል፣ ግፊቱ በሌላኛው ቤንዚኑን ይልካል። ዛሬ ሱቅ ያለው ባለ አንድ ቱቦ ጋን ለዚህ አይሆንም። “ጋን የለውም” የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር እንግዲህ የገንዘብ ጉዳይ ናት። ጋኑ ካለም፣ አሮጌ ጋን ቤንዚን በግፊት ታምቆበት መሥራቱ አደጋ ስላለው ሳይፈተሽ መጠቀም አይገባም።

ሻጩን ምን ልጠይቅ? የሞዴልና የመለያ ቁጥሩን ፎቶ። ዓመቱን ከሻጩ ቃል ይልቅ ቁጥሩ ይናገራል። ካንዴላው ወጥቶ የተነሳ ፎቶ። ከሁሉ በላይ የኮምፕሬሽን ልኬት፤ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን ምን ያህል አምቆ እንደሚይዝ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ የሁለቱ ቁጥር ተቀራራቢ መሆኑ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ ይጠቅማል። መለኪያ የለኝም የሚል ሻጭ ካንዴላውን አውጥቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዘግቶ ገመዱን ይጎትት፤ ጣቱን ገፍቶ ካስነሳው ተስፋ አለው። ለዚህ ሁሉ መልስ የማይሰጥ ሻጭም መልስ ሰጥቷል።

“የአሸናፊ ጉዳት” የሚሉት ምንድን ነው?

አሥር ሰዎች ፎቶ አይተው ሞተሩን ገመቱት። አንዳንዱ አሳንሶ፣ አንዳንዱ አብልጦ። የሚያሸንፈው ማን ነው? ከሁሉ አብልጦ የገመተው። ማለትም የመሳሳት ዕድሉ የሰፋው። ይህን በ1971 የጻፉት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው፤ ድርጅቶች ከባሕር ሥር ነዳጅ ለመቆፈር ተጫርተው ካሸነፉ በኋላ ለምን እንደሚያዝኑ ሲያስረዱ። መረጃው ባነሰ ቁጥር ግምቱ ይራራቃል፣ ጉዳቱም ይብሳል። መፍትሔው ጣሪያን ከመወሰን በፊት የራስን ግምት ትንሽ መቀነስ ነው። የተሸጡ ተመሳሳይ ሞተሮችን ዋጋ ማየትም ይረዳል፤ ሻጮች የሚጠይቁትን ሳይሆን በእውነት የተሸጡበትን። ኢቤይ ላይ ውጤቱን “የተሸጡ” በሚለው ማጣራት ይቻላል። ጠያቂውማ ጨረቃንም ሊጠይቅ ይችላል።

ሻጭ እኔ ብሆንስ?

ነገሩን ገልብጡት። ገዢው ዋጋ የሚቀንሰው ስለሚጠራጠር ነው። ጥርጣሬውን የምታጠፋ እያንዳንዷ ፎቶ ገንዘብ ናት። ጥፋቱን ራሳችሁ ተናገሩ፤ ስንጥቁን በቅርበት አንሱት። የሚነሳ ከሆነ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አስገብታችሁ ሲነሳ በቪዲዮ ቅረጹ። ያለ ውሃ አታስነሱት፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ ሳይውል ሳያድር ይቃጠላል። አትቀቡት። አሸዋ ወረቀት አታስነኩት። አቧራውን መጥረግ በቂ ነው።

መነሻውን ዝቅ ማድረግ ሰው ይሰበስባል፤ ግን ፈላጊው ጥቂት የሆነ ሞተር ሲሆን በአንድ ተጫራች በርካሽ ሊሄድባችሁ ይችላል። አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ ወዳጅ ዘመድ አስገብታችሁ ዋጋ አታስንሩ። በድረ ገጹ ደንብ የተከለከለ ነው፣ በብዙ አገር በሕግም ያስጠይቃል።

ክፍያውና ማጓጓዣውስ?

አጭበርባሪ የሌላ ሰው ፎቶ ሰርቆ የሌለውን ሞተር ይሸጣል። የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፎ ሞተሩ ላይ አስደግፎ ፎቶ ይላክ በሉ፤ እውነተኛ ሻጭ አይቆጣም። “ከድረ ገጹ ውጭ እንጨርስ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ” ካለ ደግሞ የገዢ ዋስትናችሁን እንድትተዉ እየጠየቃችሁ ነው። እምቢ በሉት።

ከባድ ሞተር በእንጨት መደብ ላይ ታስሮ በጭነት ነው የሚሄደው። ብዙ ሻጭ “መጥታችሁ ውሰዱ” ይላል። ለዚህ ነው ያው ሞተር በአንድ ግዛት ርካሽ፣ በሌላው ውድ የሚሆነው። ቅርብ ከሆነ ሂዱና አይታችሁ ውሰዱ፤ ሁለት ሰው ሁኑ። የሚላክ ከሆነ ቤንዚኑ ተሟጥጦ መውጣት አለበት፤ የቤንዚን ቅሪት ያለው ሞተር አደገኛ ዕቃ ተብሎ ይመለሳል። ሲደርስ ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ስትከፍቱም እንዲሁ። አቤቱታ የማቅረቢያ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ ሞተሩን ለበጋ ብላችሁ ሳታዩት አታስቀምጡ።

ልታስነሱት ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ልብ በሉ። እነዚህ ሞተሮች ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ ነው የሚሰጣቸው። ዛሬ የተለመደው ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው። የ1950ዎቹ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ግን ለ24 እጅ 1 ይፈልጋሉ፤ ወደ 50 የተሻገሩት በ1964 ነው። ቀደምት ሲገሎች ጭራሽ ለ10 እጅ 1 ይሉ ነበር። ዘይቱ ሲያንስ ሞተሩ ደስ ብሎት ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ፒስቶኑ ይነክሳል፤ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ሲያዩ የሚደነግጡ ጎረቤቶች ካሉ አስረዷቸው።